አማና በቁልፍ አይጠበቅም



  

ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት ጉዳይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢነገረን ኖሮ ለእኛ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ በመሰለን ነበር። ዛሬ ግን በየቤታችን ገብቷል። ከዐስር ሶላት በኋላ የተጣሉ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ከሽማግሌዎች ጋር ስንቀመጥ ቀድሞ የምንሰማው የመሬት፣ የከብት፣ የአማትና የምራት ነገር ነበር። አሁን አሁን ግን ከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው ስልክ ነው። አንዱ «ስልኳን ስጠጋት ገልብጣ ታስቀምጣለች» ይላል። ሌላዋ «ባሌ ቴሌግራሙን የት እንደደበቀው አላውቅም» ትላለች። በመጨረሻም ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣሉ፤ «የትዳር ጓደኛዬን ስልክ ከፍቼ ባይ ኃጢአት አለብኝ ወይ?» ይላሉ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። አላህ የከለከለውን ግንኙነት በስልኩ የሚደብቅ ሰው አማናውን በልቷል። የዚያን ሰው ምስጢር ሰብሮ የሚገባም ሌላ አማና በልቷል። ስልኩ መከፈት ካለበት የሚከፍተው ባለቤቱ ነው፤ ሳይገደድና ሳይጠየቅ ቢከፍተው ደግሞ ይበልጥ ያማረ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት አባቶችና እናቶች በአጭሩ ላስረዳ። ቴሌግራም የሚባለው መልእክት መለዋወጫ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ብዙም ሳይቆይ የምስጢር ንግግር የሚባል ክፍል ጨመረ። እዚያ የተጻፈው ቃል በተወሰነለት ጊዜ ከላኪውም ከተቀባዩም ስልክ ራሱን ያጠፋል። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. በ2020 የሚጠፋ መልእክትን፣ በ2023 ደግሞ አንድን ንግግር ለብቻው መቆለፍንና የምስጢር ቃል ካልተጻፈ በቀር ፈጽሞ እንዳይታይ ማድረግን አመጣ። ከእነዚህ ሌላ ላዩ የሒሳብ ማሽን የሚመስል አፕሊኬሽን አለ። ሰው ሲያየው መደመሪያና መቀነሻ ነው፤ ባለቤቱ የሚያውቀውን ቁጥር ሲነካው ግን ከኋላው የተሸሸገው ፎቶና ደብዳቤ ይወጣል። ይህን ሁሉ የማይችል ደግሞ የሴቲቱን ስም በወንድ ስም፣ የወንዱን በሴት ስም መዝግቦ ያስቀምጣል። መሣሪያው ብዙ ነው፤ የሁሉም ሥራ ግን ያው መደበቅ ነው።

ይሁንና ፍትሕ እንድናደርግ ታዘናልና አንድ ነገር መለየት አለብን። የሚቆልፍ ሁሉ ከዳተኛ አይደለም። የቴሌብር ገንዘቡን ከሌባ ለመጠበቅ የሚቆልፍ አለ። የታማሚዎቿን ጉዳይ የምትጠብቅ የጤና ባለሙያ አለች። እህቷ ያማከረቻትን የቤቷን ችግር ለባሏም ቢሆን መግለጥ የማይገባት ሴት አለች። ጸጥታው በደፈረሰበት በዚህ ዘመን ደግሞ በመንገድ ላይ ስልኩ በማን እጅ እንደሚወድቅ ስለማያውቅ ብቻ የሚቆልፍ ምስኪን ነጋዴና ተማሪ ሞልቷል። ቁልፍ ማየታችን ብቻ ፍርድ አይሆነንም።

ታዲያ ወንጀሉ የቱ ጋ ነው? አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣኑ ለዚህ ነገር ስም አውጥቶለታል። በአን-ኒሳእ ምዕራፍ 25ኛ አንቀጽ ስለ ሴቶች፣ በአል-ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ ደግሞ ወንዶችን እያናገረ የሚጋቡ ሰዎች በይፋ የሚያመነዝሩም የምስጢር ወዳጅ የሚይዙም እንዳይሆኑ ይደነግጋል። በዐረብኛው «አኽዳን» የሚባሉት እነዚህ የምስጢር ወዳጆች ናቸው። ልብ በሉ፤ ጌታችን ዝሙትን በጅምላ ከልክሎ ማለፍ ሲችል ድብቁን ለብቻው ነጥሎ ጠራው። ኢብኑ ዐባስ እንዳስረዱት በጃሂልያ ዘመን የነበሩ ሰዎች በአደባባይ የሚፈጸመውን ዝሙት ያወግዙ ነበር፤ በስውር የሚፈጸመውን ግን እንደ ነውር አይቆጥሩትም ነበር። «ማንም ካላየው ምን ችግር አለው» የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ በስልክ የመጣ አዲስ ነገር ሳይሆን ያው የጥንቱ ጃሂልያ ነው። ለዚህም ነው አላህ በአል-አንዓም 151ኛ አንቀጽ ከግልጹም ከድብቁም ጸያፍ ነገር እንድንርቅ ያዘዘን።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ስልካችንን ይዘን ለብቻችን ልንቀመጥና ራሳችንን ልንመዝን ይገባናል። ሚዛኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጥተውናል። ነውዋስ ኢብኑ ሰምዓን ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ኃጢአት ማለት በደረትህ ውስጥ የሚቆረቁርህና ሰዎች እንዲያውቁብህ የማትፈልገው ነገር መሆኑን አስተምረዋል። የእህትን ምስጢር የምትጠብቅ ሴት ምስጢሩ ቢወጣ የምታዝነው ለእህቷ ነው፤ ስለ ራሷ ደረቷን የሚቆረቁራት ነገር የለም። ሌሊት ባሏ ሲተኛ ከሌላ ወንድ ጋር የምትጨዋወት ሴት ግን፣ ሚስቱ ወጥ ስትሠራ ለሌላዋ የፍቅር ቃል የሚልክ ወንድም እንደዚሁ፣ በሩ ሲንኳኳ ልባቸው ይደነግጣል። ይህን ድንጋጤ ማንም መርማሪ ሳያስፈልግ እነርሱ ያውቁታል። አላህም በአን-ኒሳእ 108ኛ አንቀጽ ከሰው የሚደበቁ ሰዎች ከእርሱ መደበቅ እንደማይችሉ፣ ሌሊት የማይወደውን ንግግር ሲያሰላስሉም አብሯቸው እንዳለ ይነግረናል። መልእክቱ ከሁለቱም ስልክ ቢጠፋ ከቀኝና ከግራ ያሉት ጸሐፊዎች መዝገብ ላይ አይጠፋም።

ይህ የአንዱ ወገን ኃጢአት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «እንግዲያው መፈተሽ አለብን» ይላል። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ኃጢአት የሚጀምረው።

በአል-ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ጌታችን ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ካዘዘ በኋላ ወዲያው አትሰልሉ ብሎ ይከለክላል። ከዚያም ሐሜትን ያስከትላል። ሦስቱ በአንድ አንቀጽ ውስጥ የተደረደሩት በከንቱ አይደለም። ሰው መጀመሪያ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው አላስተኛ ሲለው ይሰልላል፤ ያየውን ደግሞ ሆዱ መያዝ አቅቶት ያወራል። የአንድ ቤት መፍረስ በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ መሆኑን በሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

«ይህ ለባዕድ ነው እንጂ ለባልና ሚስት አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ለእርሱ የጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ ሐዲስ መልስ ይሆነዋል። ሙስሊም እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ከመንገድ ሲመለስ ቤተሰቡን በክሕደት ጠርጥሮ ወይም ጥፋታቸውን ለመፈለግ ብሎ በሌሊት ድንገት እንዳይመጣባቸው ከልክለዋል። ቤቱ የራሱ ነው፤ ሚስቲቱም የራሱ ሚስት ናት። ቢሆንም ሊያጠምዳት ብሎ መምጣት ተከለከለ። በገዛ ቤቱ በር ላይ እንዲህ ከተከለከለ እርሷ ስትተኛ ጣቷን አንሥቶ ስልኳን መክፈት እንዴት ይፈቀድለታል? ወይም የእርሷን ዋትስአፕ ሳታውቅ ከራሱ ስልክ ጋር አገናኝቶ የምትጽፈውን ሁሉ ከሱቁ ቁጭ ብሎ ማንበብ? ይህን የሚያደርጉ ወንዶች እንዳሉ፣ ሴቶችም እንዳሉ እናውቃለን።

የአገራችን ሕግም በዚህ ከሸሪዓችን ጋር አይጋጭም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰው ደብዳቤም በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነትም እንዳይደፈር ይደነግጋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ሰብሮ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ኒካህ ሁለት ሰዎችን ያስተሳስራል፤ የአንዱን ክብር ለሌላው አሳልፎ አይሰጥም።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር በአካባቢያችን የደረሰ አንድ ጉዳይ ላውሳ። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን አልጠቅስም። ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር ቤተሰብ ነው። ባልየው ለሥራ ጂዳ ይገኛል። ሚስቱ ሁለት ልጆች ይዛ መሬቱን በእኩል እያሳረሰች ትኖራለች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ መቋረጡም ብዙ ወራት ፈጀ። በየምሽቱ በኢሞ ይተያዩ የነበሩ ሰዎች አንዳንዴ በውድ ዋጋ በሚደወል ስልክ ካልሆነ በቀር ሳይገናኙ ሰነበቱ። ጂዳ ያለው «ለምን ዝም አለች» ይላል፤ ቡሬ ያለችው «ለምን ረሳን» ትላለች። ዝምታ ደግሞ ለሸይጧን የለሰለሰ እርሻ ነው።

ክረምቱ ሲቃረብ የማዳበሪያ ዋጋ አልቀመስ አለ፤ ከጂዳ ይላካል የተባለውም ገንዘብ ዘገየ። ሴቲቱ ከአንድ ነጋዴ ዩሪያ በዱቤ ወሰደች። ባሏ በሰው አገር እየለፋ ቤቱ ዕዳ ገባ ብሎ እንዳይተክዝ ብላ ነገሩን ደበቀችው። መስመር በሚገኝበት ቀን ከነጋዴው ጋር የምትጻጻፈውንም ቆለፈችበት፤ ስሙንም «ዩሪያ» ብላ መዘገበች። አንድ ማታ የባሏ እህት የስልኩ መብራት ሲበራ አየች። «ዩሪያ ደግሞ በማታ ይደውላል እንዴ?» አለች። ሳታስነግር ስልኩን ወደ ከተማ ወስዳ ለአንድ ጠጋኝ ልጅ ሰጠችው፤ ልጁም ቁልፉን ፈታላት። ውስጡ የተገኘው «ነገ እንዳትቀሪ»፣ «ለማንም አልናገርም»፣ «እስከ መቼ ነው የምጠብቅሽ» የሚል ነበር። ይህን ፎቶ አንሥታ ወደ ጂዳ ላከችው። ባልየው አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ የፍቺ ቃል በድምፅ መልእክት ላከ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሲመጣ ነጋዴው የዱቤ መዝገቡን ይዞ ቀረበ። ቀኑም፣ ኩንታሉም፣ የቀረው ዕዳም ከመልእክቱ ጋር አንድ በአንድ ገጠመ። ዩሪያ የተባለው ሰው ዩሪያ ሻጭ ነበር። ዒዳዋ ሳያልቅ ነበርና፣ የመጀመሪያ ፍቺም ነበርና፣ ባልየው እርቅ ፈልጎ መለሳት፤ በአል-በቀራህ 228ኛ አንቀጽ የተሰጠው መብት ነው። ኒካሁ በአንድ ቃል ተመለሰ። ሴቲቱ ግን ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ከአባቷ ቤት አልተመለሰችም። «ለመሬቱ ስል ዕዳ የገባሁለት ሰው አንዲት ጥያቄ ነፈገኝ» ትላለች። ዕዳውን ባትደብቀው መልካም ነበር፤ ይህንንም በግልጽ ነግረናታል፤ እርሷም ተቀብላለች። ነገር ግን የእርሷን ስሕተት ከሦስቱ ሰዎች ጥፋት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። አንዷ ሰለለች፣ አንዱ የሰውን ቁልፍ ለገንዘብ ፈታ፣ አንዱ ሳይጠይቅ ፈረደ።

ከዚህ ጋር የነብያችንን ቤት እናስተያይ። ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተነዛውን ውሸት ሁላችንም እናውቃለን። የጠፋ የአንገት ጌጥ ስትፈልግ ከጓዙ ወደ ኋላ ቀረች፤ ሰፍዋን ኢብኑ ሙዐጠል አግኝቶ በግመሉ አመጣት፤ ሙናፊቆችም አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ወር ያህል ወሕይ አልወረደም። በዚያ ወር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? ዕቃዋን አልበረበሩም፤ ሰው አላስከተሉባትም፤ አልፈቷትም። የሚያውቋትን ሰዎች ስለ ጠባይዋ ጠየቁ። በመጨረሻም ወላጆቿ ቤት ሄደው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ነገሩን በግልጽ ነገሯት፤ ንጹሕ ከሆንሽ አላህ ያጠራሻል፣ ተሳስተሽም ከሆነ ወደ አላህ ተመለሺ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናገሯት። ከዚያ በኋላ የአን-ኑር ምዕራፍ አንቀጾች ወርደው ንጽሕናዋን እስከ ዕለተ ትንሣኤ የሚነበብ አደረጉት። የአላህ መልእክተኛ አንድ ወር ከታገሡ እኛ አንዲት ሌሊት መታገሥ እንዴት ያቅተናል? እርሳቸው ፊት ለፊት ከጠየቁ እኛ ለምን ከኋላ እንፈትሻለን?

በዚሁ ምዕራፍ 4ኛው አንቀጽ ለዘመናችን ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ጨዋ ሴቶችን በዝሙት የሚከስ አራት ምስክር ካላመጣ ሰማንያ ግርፋት ይገባዋል፤ ምስክርነቱም ተቀባይነት ያጣል። ከስልክ የተነሣ ፎቶ አራት ምስክር አይደለም፤ አንድም ምስክር አይደለም። ሊቆረጥ፣ ሊቀጠል፣ በሌላ ስም ሊጻፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ፎቶ በቴሌግራም የሚያሠራጩ ሰዎች ምን ዓይነት ሸክም እንደተሸከሙ ቢያውቁ ኖሮ እጃቸው በተንቀጠቀጠ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ለፈታሹ ነው። ለተፈታሹም የምለው አለኝ፤ መፈተሽ ሐራም መሆኑ ለሚደብቅ ሰው መሸሸጊያ እንዲሆነው አልፈልግምና።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረመዳን መጨረሻ በመስጊድ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ እናታችን ሰፊያ (ረ.ዐ) ልትጠይቃቸው መጣች። ስትመለስ ሊሸኟት አብረዋት ወጡ። ሁለት የአንሷር ሰዎች አይተዋቸው ፈጠን ብለው ሊያልፉ ሲሉ ቀስ እንዲሉ አደረጉና ይህች ሰፊያ መሆኗን ነገሯቸው። ሰዎቹ ደነገጡ፤ በእርስዎማ እንዴት እንጠረጥራለን በሚል ስሜት አላህን አጠሩ። እርሳቸው ግን ሸይጧን በሰው ውስጥ እንደ ደም እንደሚዘዋወርና በልባቸው አንዳች ነገር እንዳይጥል መስጋታቸውን ገለጹላቸው። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም አልከሰሳቸውም። ከሰው ሁሉ ንጹሕ የሆኑት ነብይ ለማያውቋቸው መንገደኞች እንኳ ጥርጣሬው ሳይበቅል ነቀሉላቸው። አንተ ለሚስትህ፣ አንቺ ለባልሽ ይህን ብታደርጉ ምን ይጎድልባችኋል? «ማታ የሚጽፍልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጉዳዩም ይህ ነው» ማለት የንጹሕ ሰው ሱንና ነው። «አታምኚኝም ወይ?» ብሎ መቆጣት ግን ሱንና አይደለም።

እዚህ ላይ ወጣቶች የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «እንግዲያው ያለፈውን ሁሉ ልናገር ወይ?» ይላሉ። አይደለም። አላህ የሸፈነልህን ያለፈ ኃጢአት ቶብተህበት ከተውክ በኋላ ለሰው እየገለጥክ አታውራ፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት አላህ የሸፈነለትን ጠዋት ራሱ የሚገልጠውን ሰው አውግዘዋል። ነገር ግን ያለፈ ኃጢአትና አሁን እየተደረገ ያለ ማታለል አንድ አይደሉም። በፍኖተ ሰላም አንድ ወጣት ለማጫ ልኮ፣ የኒካህ ቀን ተቆርጦለት ሳለ በተቆለፈ ዋትስአፕ ለሌላ ከተማ ልጅ «የማገባሽ አንቺን ነው» እያለ ይጽፍ ነበር። ኒካሁ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣና ምክር ፈልጎ መጣ። የተሰጠው ምክር ይህ ነበር፦ ከሴት ልጅ ጋር የተጻጻፍከውን ዝርዝር ለማንም አታሳይ፤ ያ በአንተና በአላህ መካከል ይቅር። ነገር ግን ሁለት ሰው በአንድ ቃል ይዘሃልና አንዷን ዛሬ ልቀቃት፤ እውነቱን ንገራትና ዕድሏን ትፈልግ። ለእጮኛህ ወሊም ቀኑ እንዲራዘም የፈለግክበት ምክንያት በአንተ በኩል መሆኑን ተናገር፤ በልጅቱ ላይ ወሬ እንዳይወጣ። ወጣቱ ይህን አደረገ። የልጅቱ አባት ተቆጥተው ለማጫውን ሊመልሱ ነበር። ልጅቱ ግን «እኔ ሳልጠይቀው ራሱ መጥቷል» ብላ ሦስት ወር ጠየቀች። ኒካሁ በሦስተኛው ወር ታሰረ። ስልኩ ተሰርቆ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ እንደማይሆን እገምታለሁ።

ስለ ጎጃም ሙስሊም አባቶቻችን አንድ ነገር ላስታውስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ የታወቀ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች አባይን ተሻግረው እስከ ጉድሩና እናርያ እየዘለቁ ወርቅ፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ያመጡ ነበር። አባይ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ሰውየው ወራት ይቀራል። ስልክ የለ፣ ፎቶ የለ፣ «የት ነህ» ብሎ የሚጠይቅ የለ። ሚስቲቱ ቤቱን ትጠብቃለች፤ ባልየው በሰው አገር ራሱን ይጠብቃል። አላህ በአን-ኒሳእ 34ኛ አንቀጽ ደጋግ ሴቶች በሌለበት የሚጠብቁ መሆናቸውን እንደገለጸ፣ በአል-ሙእሚኑን መጀመሪያም ምእመናን ብልታቸውን ጠባቂዎችና አማናቸውን አክባሪዎች መሆናቸውን ገልጿል። ጠባቂነት ለሁለቱም ነው። እነዚያ ሰዎች የሚተማመኑት ስለሚተያዩ ሳይሆን ሁለቱንም የሚያይ ጌታ እንዳለ ስለሚያምኑ ነበር። ዛሬ በየደቂቃው እየተያየን መተማመን ካቃተን የጎደለን መስመር ሳይሆን ይህ እምነት ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን አደራ እላለሁ።

ባሎች ሆይ፣ ሚስትህን ስትጠረጥር መጀመሪያ ጠይቃት፤ በቁጣ ሰዓት ሳይሆን ረጋ ብለህ፣ ልጆች በሌሉበት ጠይቃት። የምትጠይቃትን ያህል ራስህ ለመጠየቅ ዝግጁ ሁን። የአንተ ስልክ ተቆልፎ የእርሷ ክፍት እንዲሆን የምትፈልግ ከሆነ የምትፈልገው መተማመን አይደለም።

ሚስቶች ሆይ፣ የዘመድንና የጓደኛን ምስጢር ጠብቁ፤ የቤታችሁን ዕዳና ችግር ግን ከባላችሁ አትሸሽጉ። በደግ ልብ የተደበቀ ነገርም ሲገኝ መልኩ የክሕደት ይሆናል።

እጮኛሞች ሆይ፣ ኒካህ ሳይታሰር በስልክ መገለል መገለል አይደለም እንዳትሉ። ሦስተኛው ሸይጧን የሆነበት ስፍራ ግድግዳ ያለው ክፍል ብቻ አይደለም። ለወሊው ቢነበብ የማታፍሩበትን ጻፉ።

ስልክ የምትጠግኑ ወንድሞቼ፣ በእጃችሁ የሚገባው የሰው ቤት ነው። ባለቤቱ ራሱ ካላመጣው የማንንም ቁልፍ አትፍቱ፤ በዚህ የሚገኘው ገንዘብ በረከት የለውም።

የባልና የሚስት ዘመዶች ሆይ፣ ያያችሁትን ወደ ሌላ አገር ከመላካችሁ በፊት በአል-ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ የታዘዘውን ማጣራት አስቡ። አላህ በአን-ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ከእርሱ ወገን አንድ፣ ከእርሷም ወገን አንድ ሽማግሌ እንዲቀመጡ ያዘዘው ለማስታረቅ ነው፤ ለመሰለል አልላካቸውም።

ጥርጣሬው እውነት ሆኖ የተገኘበትም ሰው አይጠፋም። ለእርሱም መንገድ አለው። ምክር አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙም የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤ ካልሆነም በመልካም መለያየት አለ። ከእነዚህ በሮች አንዱም የሌላውን ስልክ ሰብሮ በመግባት አይከፈትም።

በአት-ተሕሪም ምዕራፍ 3ኛ አንቀጽ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንዲት ባለቤታቸው ምስጢር ነግረዋት ባወጣችው ጊዜ ነገሩን በከፊል ነግረዋት ከፊሉን እንዳለፉት ተጽፏል። ሁሉን ማወቅ የቻሉት ነብይ ሁሉን አላነሡም። ይህ ለባልና ለሚስት ትልቅ ትምህርት ነው። ያየኸውን ሁሉ አትናገር፤ ያላየኸውን አትፈልግ፤ የሚያስፈልገውን ግን ፊት ለፊት ተናገር።

ከተማችን ፍኖተ ሰላም ትባላለች፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ሰላም ከአገር በፊት በቤት ይጀምራል። አላህ ቤቶቻችንን የመተማመንና የእዝነት ቤት ያድርግልን፤ የተለያዩትን በመልካም ያገናኝልን፤ ግልጻችንንና ድብቃችንን አንድ ያድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።